ተማሪን ማን ያብላው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ማለዳ ውሻ ሲጮህ የቤቱ እመቤት ብቅ ስትል አንድ ልጅ ቆሟል። ትከሻው ላይ ደበሎ፣ ጎኑ ላይ አኩፋዳ፣ እጁ ላይ የውሻ መከላከያ ዱላ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የማን ልጅ ነህ፣ አባትህ ስንት በሬ አለው አትለውም። ገባ ትልና ቁራሽ ታመጣለታለች። እንጀራ ካላደረ እፍኝ ቆሎ፣ እሱም ከጠፋ «እግዜር ይስጥልን» ትለዋለች፤ ልጁም ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።

የቆሎ ተማሪ ነው። ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቤት ገብቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ የተሻገረ ልጅ። አንዳንዱ ከቤቱ የወጣው ጠፍቶ ነው፤ ወላጅ ፈልጎ እንዳያገኘው ስሙን የለወጠም አለ። ኑሮውን ላሳምርላችሁ አልፈልግም። በተስቦ ያለቀ አለ፣ ብርድ የጣለው አለ፣ በውሻ የተዘነጠለ አለ። ያን ሁሉ አልፎ ሊቅ የሆነው ጥቂቱ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቅኔ ቤት ከገቡ ወዲያ የባለጸጋው ልጅም የድሀው ልጅም ደጅ ይዞራል። ልመናው የተማሪነቱ ሥርዓት እንጂ የድህነቱ ምልክት አልነበረም። ስለዚህ ልጅ በጓደኛው ፊት አያፍርም ነበር። የሚያበላው መንደሩ ነው፤ ያውም ራሱ ጠግቦ የማያድር መንደር።

ዘመን ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ተከተለ። አዳሪ ተማሪ ይመገባል፤ ተመላላሹ ግን እየበዛ ሲሄድ ሆዱ የወላጁ ጉዳይ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የሚባል ዕቅድ መጣ፤ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሥራው ይግባ የሚል። መምህራኑ ይህማ የድሀውን ልጅ ደጅ ማስቀረት ነው ብለው የካቲት ላይ ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ሳይተገበር ቀረ። ሃያ ዓመት ቆይቶ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ክፍያ አነሳ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሚሊዮኖች ገቡ።

ገቡና ምን ሆኑ? በነጻ የተባለው ትምህርት ደብተር ይላል፣ እስክሪብቶ ይላል፣ ዩኒፎርም ይላል። ገጠር ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል፤ የገበያ ቀንም እንዲሁ። ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋላ! ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ማን ይማር፣ ማን ይቅር ብሎ ይመክራል። ታላቂቱ ትምህርቷን አቋርጣ በደላላ እጅ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ ትሄዳለች፤ በምትልከው ብር ታናሿ ይማራል። የእሷን ደብተር የሚከፍት የለም። ይህን አይቶ «ድሀ ለትምህርት ግድ የለውም» የሚል ሰው ስሰማ ያንገበግበኛል። ለትምህርት ግድ የሌለው ቤት ልጁን ባሕር አሻግሮ ለሌላው ልጁ ደብተር አይገዛም።

ከተማ ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ፣ የምሳ ደወል ተደወለ በሉ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ። አንዷ ክዳኑን አትነካም፤ «ቁርስ በጣም በልቻለሁ» ትላለች። አንዱ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ አፉን ይጠርጋል፣ በልቶ እንደመጣ ሰው ይመለሳል። መምህሯ ታውቃለች። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ የሚተኛውን ታውቃለች፤ ሰልፍ ላይ ራሱን ስቶ የወደቀውን እሷው ናት ያነሳችው። መምህራን ከዚያች ከማትበቃ ደመወዝ አዋጥተው ዳቦ የገዙበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። አንድ ቀን ግን ልጁ ይቀራል። ረሃቡን ለምዶታል፤ የሚቀረው ባዶው ምሳ ዕቃ በጓደኞቹ ፊት የተከፈተ ዕለት ነው።

በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያወጡት ጥናት ረሃብ በትምህርት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር አስቀምጦታል። ክፍል ከሚደገምባቸው ጊዜያት 16 በመቶው ከመቀንጨር ጋር የተያያዘ ነው ይላል። በልጅነቱ የቀነጨረ ሰው ካልቀነጨረው በአማካይ 1.1 ዓመት ያህል አንሶ ይማራል። ሰነፍ ተብሎ የተገረፈው ልጅ ስንቱ ይሆን፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ!

የተማሪዎች ምገባ መጀመሪያ የመጣው በበጎ አድራጊዎች ነው፤ ችግረኛ የተባሉት ተመርጠው ይበላሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ነፍስ አድነዋል። ነገር ግን የተመረጠ ልጅ ምልክት ተደረገበት ማለት ነው፤ «የሚበላው» ይሉታል ጓደኞቹ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መንገዱን ቀየረ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 300 ሺህ ያህል ልጆችን ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ሰጠ። ድሀ ነህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ቀረ፤ የተመዘገበ ሁሉ ተሰልፎ ይበላል። የቅኔ ቤቱን እኩልነት እኔ እዚህ ሰልፍ ላይ አየሁት፤ አሁን ያለ ውሻና ያለ ዱላ። አብሳዮቹ ደግሞ ብዙዎቹ የሰፈሩ እናቶች ናቸው። ትናንት ልብስ አጥባ ያገኘችው ብር ለቤት ኪራይ አልበቃ ይላት የነበረች እናት ዛሬ ደመወዝ አላት፤ የልጇን ሳህንም የምትሞላው እሷው ናት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል። ምገባው ሲጀመር የታሰበው ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ነው። 8ኛን ያለፈ ልጅ ክረምቱን አሳልፎ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ቤቱ ያው ነው፣ የእናቱም ኪስ ያው ነው፤ ዕድሜው ግን አሥራ አምስት፣ ሰው ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያፍርበት። በአንዳንድ ሰፈር አንደኛ ደረጃውንና ሁለተኛ ደረጃውን የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ወጥ ቤቱ አለ፣ አብሳዮቹም አሉ። የሚጨመረው እህሉና በጀቱ ነው፤ ክፍለ ከተማውና ወላጆቹ ይህን ከዘንድሮው ምዝገባ በፊት ተቀምጠው ይነጋገሩበት።