አረጋውያን በራሳቸው ሥልጠና ዝግጅት ውስጥ፤ ታሪካዊ ቅኝት

ለአረጋውያን የሚሰጥ የጤና ትምህርት ለረዥም ጊዜ የባለሙያ ሥራ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ባለሙያው ርዕሱን ይመርጣል፣ ትምህርቱን ያዘጋጃል፣ ውጤቱንም ይመዝናል፤ የአረጋዊው ድርሻ ተቀምጦ ማዳመጥ ነበር። ይህ አሠራር እንዴት እንደተለወጠ ማወቅ ለዛሬው የጤና ባለሙያ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1973 ፕሮፌሰር ፒየር ቬላስ በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ለጡረተኞች «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የተባለውን መሠረቱ። በዚያ ትምህርቱን የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ግን ፒተር ላስሌት፣ ማይክል ያንግና ኤሪክ ሚድዊንተር ሌላ መልክ ሰጡት። በእነርሱ አደረጃጀት አባላቱ የሚማሩትን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ዛሬ የተማረው ነገ ያስተምራል። አረጋዊው ከአድማጭነት ወደ አዘጋጅነት የተሸጋገረበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር።

በጤናው መስክ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ታሪክ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጸመው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነርስና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ የሆኑት ኬት ሎሪግ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች የሚሆን ሥልጠና አዘጋጁ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። አሠልጣኞቹም ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የተዘጋጁ ተራ ሰዎች ነበሩ። አዘጋጆቹ የተነሡበት እምነት ግልጽ ነበር፤ ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ ካወቀና የሰውነት እንቅስቃሴ ካደረገ ሕመሙ ይቀንስለታል የሚል ነው።

በእርግጥም የብዙዎቹ ሕመም ቀነሰ። ይሁን እንጂ መረጃው ሲመረመር በተሻላቸው መጠንና ልማዳቸውን በለወጡበት መጠን መካከል የታየው ዝምድና ደካማ ነበር። አዘጋጆቹ ምክንያቱን ከራሳቸው ግምት ከመፈለግ ይልቅ ወደ ሠልጣኞቹ ሄደው ጠየቁ። የተሻላቸው ሰዎች ሕመሙን መቆጣጠር እንደሚችሉ ይሰማቸው ነበር፤ ያልተሻላቸው ደግሞ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ያምኑ ነበር። በመሆኑም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበሩት በአልበርት ባንዱራ የ«እችላለሁ» ባይነት ንድፈ ሐሳብ ላይ በመመሥረት ሥልጠናው እንደገና ተዋቀረ። ሠልጣኙ የሳምንቱን ዕቅድ ራሱ ያወጣል፤ ከራሱ ጋር አንድ ዓይነት ሕመም ካለበት አሠልጣኝ ይማራል። ቆይቶም ለልዩ ልዩ ሥር የሰደዱ ሕመሞች የሚሆን የስድስት ሳምንት ሥልጠና ተዘጋጀ። በ1999 ይፋ የሆነውና 952 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሥልጠናውን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናት ያነሱ ነበሩ። ሠልጣኞቹ ባይጠየቁ ኖሮ አዘጋጆቹ የተሳሳተውን ነገር በትጋት ማስተማራቸውን በቀጠሉ ነበር።

ዓለም አቀፍ ተቋማትም በተመሳሳይ አቅጣጫ ተጉዘዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 ያጸደቃቸው መርሆዎች፣ አረጋውያን ደኅንነታቸውን በቀጥታ የሚነኩ ፖሊሲዎች ሲቀረጹና ሲፈጸሙ በንቃት ሊሳተፉ እንደሚገባ ይደነግጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ያወጣው የንቁ እርጅና የፖሊሲ ማዕቀፍ ደግሞ በጤና፣ በተሳትፎና በዋስትና ላይ የቆመ ነው። ይኸው ድርጅት በ2007 ለአረጋውያን የሚመቹ ከተሞችን የሚመለከተውን መመሪያ ሲያዘጋጅ፣ ናይሮቢን ጨምሮ በ33 ከተሞች ወደ 1,500 የሚጠጉ አረጋውያን በቡድን ውይይት ተሳትፈዋል። በ2015 ባወጣው ሪፖርትም ጤናማ እርጅናን የተረጐመው ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለማድረግ ከሚያስችለው አቅም ጋር አያይዞ ነው። አንድ አረጋዊ ዋጋ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ደግሞ ሳይጠየቅ ሊታወቅ አይችልም።

ለመጠየቅ ያህል መጠየቅ ግን በቂ አይደለም። ወደ ስብሰባ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የተማረው፣ መራመድ የሚችለውና ከማዕከል ያልራቀው ነው። ፊደል ያልቆጠሩት፣ ጆሮአቸው የደከመው፣ ከቤት የማይወጡትና የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እናቶች ይቀራሉ፤ ሥልጠናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለእነርሱ ነው።

በአገራችን ዕድር፣ ማኅበርና የቡና ሰዓት አረጋውያን የሚገናኙባቸው መድረኮች በመሆናቸው፣ ባለሙያው ጽሑፉን ከማዘጋጀቱ በፊት በእነዚህ ተገኝቶ ማዳመጥ ይችላል። ረቂቁን በጥቂት አረጋውያን ዘንድ መሞከር፣ የማይጠቅመውን እንዲያስወጡ መፍቀድ፣ ከመካከላቸውም አሠልጣኝ ማውጣት ቀጣዮቹ እርምጃዎች ናቸው። ይህ የባለሙያውን ዕውቀት አይቀንሰውም፤ የሚፈለግበትን ቦታ ያመለክተዋል እንጂ።