የሲያትል ፖሊስ መዛግብት ጥያቄ

የሲያትል ፖሊስ መዛግብት ጥያቄ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሲያትል ከተማ ፖሊስ መምሪያ የያዛቸውን ሰነዶች፣ የድምፅ ቅጂዎች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ለማየት ወይም ቅጂያቸውን ለመውሰድ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሚስተናገደው በግዛቲቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ሕጉ በግዛቲቱ የሕግ ስብስብ ውስጥ ምዕራፍ 42.56 ላይ ይገኛል። በዚህ ሕግ መንግሥታዊ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚዘጋው በሕግ የተጻፈ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታም የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የጠያቂው አይደለም።

ዋሽንግተን ግዛት በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ ሲሆን ከአገሪቱ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን ዲሲ የተለየች ናት። ዋና ከተማዋና ሌሎቹ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ደግሞ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ስለሆነ በከተማ ፖሊስ ላይ አይሠራም።

የሕጉ አመጣጥ

ሕጉ የመጣው በቀጥታ ከመራጮች ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1972 «ኢኒሺዬቲቭ 276» በሚል ስም ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በከፍተኛ ድምፅ ጸደቀ፤ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1973 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ሕዝቡ ሥልጣኑን ለሚያገለግሉት መሥሪያ ቤቶች አሳልፎ እንዳልሰጠ ይገልጻል። ፍርድ ቤቶችም የመግለጽ ግዴታውን አስፍተው፣ የመከልከያ ምክንያቶቹን ደግሞ አጥብበው እንዲተረጉሙ ያዛል።

ማን መጠየቅ ይችላል

ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላል። ዜግነት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የሲያትል ነዋሪነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በጠያቂዎች መካከል ልዩነት ማድረግ አይፈቀድለትም። መዝገቡ ለምን እንደተፈለገም በመሠረቱ አይጠይቅም፤ ዋናው ልዩ ሁኔታ የሰዎች ስም ዝርዝር ለንግድ ዓላማ እንዳይውል ለማረጋገጥ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ይሁንና ማመልከቻው ራሱ የሕዝብ መዝገብ ስለሚሆን ሌላ ሰው ጠይቆ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው የግል ታሪክ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚገልጽ ዝርዝር ወይም የባንክ መረጃ በማመልከቻው ላይ መጻፍ አያስፈልግም።

የትኛው መዝገብ የት ይገኛል

ብዙ ጊዜ የሚባክነው ጥያቄው ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት ሲላክ ነው። አንድ ክስተት በበርካታ ተቋማት ዘንድ መዝገብ ሊኖረው ይችላል።

• የወንጀል አቤቱታ ሪፖርት፣ የምርመራ ፋይልና ፖሊሶች በልብሳቸው ላይ የሚያደርጉት ካሜራ ቪዲዮ፦ የሲያትል ፖሊስ መምሪያ።
• የ911 የስልክ ጥሪ ቅጂ፦ የጥሪ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ከፖሊስ መምሪያው ወጥቶ ራሱን የቻለ የከተማ መሥሪያ ቤት ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚያ መሥሪያ ቤት ነው።
• የመኪና ግጭት ሪፖርት፦ በግዛቲቱ ውስጥ ያሉ የግጭት ሪፖርቶች ማዕከላዊ መዝገብ የሚገኘው በዋሽንግተን ስቴት ፓትሮል ነው።
• የአንድ ሰው የወንጀል ታሪክ፦ ይህም የሚገኘው ከስቴት ፓትሮል ነው።
• የእስር ቤት መዝገብ፦ የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር።
• የክስ ፋይልና የፍርድ ውሳኔ፦ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት። የሕዝብ መዛግብት ሕግ ፍርድ ቤቶችን አይመለከትም፤ ፍርድ ቤቶች መዝገብ የሚሰጡት በራሳቸው ደንብ ነው።
• በፖሊስ አባል ላይ የቀረበ ቅሬታ፦ በሲቪል ኃላፊ የሚመራው የፖሊስ ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት የተዘጉ ጉዳዮችን ማጠቃለያ በድረ ገጹ ያወጣል። ሙሉ ፋይሉ ግን በጥያቄ የሚገኝ ነው።

የጥያቄው አቀራረብ

ሲያትል ለመዝገብ ጥያቄዎች የተዘጋጀ የኢንተርኔት ማዕከል አላት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ጥያቄዎችን የሚከታተል ኃላፊ መሾምና ኃላፊው የሚገኝበትን አድራሻ ለሕዝብ ማሳወቅም ግዴታው ነው። በኢንተርኔት የቀረበ ጥያቄ የመከታተያ ቁጥርና ቀን ስለሚኖረው በኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ሕጉ የሚያስገድደው ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል መዝገብ መጠየቅን ነው። መምሪያው ያሉትን ሁሉንም መዛግብት በጅምላ መጠየቅ ተቀባይነት የለውም። መሥሪያ ቤቱ ለጥያቄ መልስ የሚሆን አዲስ ሰነድ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም፤ «ፖሊስ ለምን ዘግይቶ መጣ?» የሚል ጥያቄም የመዝገብ ጥያቄ አይደለም። ይልቁንስ «በዚህ ቀን፣ በዚህ አድራሻ ለተደረገው ጥሪ የተላኩ ፖሊሶች የተነሡበትንና የደረሱበትን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ይገኝለታል።

በጥያቄው ውስጥ የሚከተሉት ቢካተቱ ፍለጋው ይቀላል፦

• ፖሊስ በቦታው የሰጠው የጉዳይ ቁጥር፤
• ክስተቱ የደረሰበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤
• የባለ ጉዳዮቹ ስምና የትውልድ ቀን፤
• የሚፈለገው የመዝገብ ዓይነት፣ ማለትም ሪፖርት፣ ፎቶግራፍ፣ የምስክር ቃል ወይም ቪዲዮ፤
• ቅጂው የሚፈለገው በወረቀት ወይም በኤሌክትሮኒክ መሆኑ።

ለኢትዮጵያውያን ጠያቂዎች ሦስት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚባለው በመዝገቡ ላይ የሚገኘው 9 ፒ.ኤም. ወይም 21፡00 ተብሎ ነው። ሁለተኛው ቀን ሲሆን፣ በአሜሪካ አጻጻፍ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል። ሦስተኛው ስም ነው። የኢትዮጵያ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍና የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ሊሆኑ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ መጥቀስ «መዝገብ አልተገኘም» ከሚል መልስ ያድናል።

የአምስት ቀን ምላሽ

መሥሪያ ቤቱ ጥያቄው በደረሰው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ማለት ግን መዝገቡ በአምስት ቀን ይደርሳል ማለት አይደለም። በነዚህ ቀናት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ሊሰጥ፣ መዝገቡ የሚገኝበትን የኢንተርኔት ገጽ ሊጠቁም፣ ጥያቄው እንደደረሰው ገልጾ ተገቢ የጊዜ ግምት ሊያስቀምጥ፣ ማብራሪያ ሊጠይቅ ወይም ምክንያቱን ጠቅሶ ሊከለክል ይችላል። ሰፊ ጥያቄ በክፍል በክፍል ሊስተናገድ ይችላል።

ጥያቄው በጠያቂው ዝምታ ምክንያት የሚዘጋባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ሙሉ በሙሉ ግልጽ ላልሆነ ጥያቄ ማብራሪያ ተጠይቆ ጠያቂው መልስ ካልሰጠ፣ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን የመቀጠል ግዴታ የለበትም። የተዘጋጀው አንድ ክፍል ሳይወሰድ ወይም ሳይታይ ከቀረም የቀሩትን ክፍሎች ማዘጋጀት ይቀርለታል። በዚህ ምክንያት በጥያቄው ላይ የተሰጠውን የኢሜይል አድራሻ መከታተል አስፈላጊ ነው።

መዛግብት የመቆያ ጊዜ አላቸው፤ ጊዜው ሲያልፍ ሊወገዱ ይችላሉ። ሆኖም መዝገቡ ገና ሳይወገድ ጥያቄ ከቀረበ፣ ጥያቄው እልባት እስኪያገኝ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ በተለይ የድምፅና የቪዲዮ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ቶሎ መጠየቁ ይጠቅመዋል።

ክፍያ

መዝገብን በቦታው ተገኝቶ ማየት ነፃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ወጪውን አስልቶ ካላወጀ በስተቀር ሕጉ ለቅጂ ያስቀመጠው ጣሪያ ለወረቀት ቅጂ በገጽ 15 ሳንቲም፣ ስካን ለተደረገ ገጽ 10 ሳንቲም ነው። ለትልቅ ጥያቄ ከግምታዊው ወጪ እስከ 10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

የማይገለጹ መረጃዎች

መሥሪያ ቤቱ የመዝገቡ ከፊል መረጃ ብቻ የሚከለከል ሲሆን፣ ያንን በጥቁር ሸፍኖ ቀሪውን መስጠት አለበት። ለእያንዳንዱ ክልከላም የሕጉን አንቀጽና አንቀጹ ለተሸፈነው ክፍል እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መግለጽ ይጠበቅበታል። በፖሊስ መዛግብት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ቢገለጽ የሕግ ማስከበር ሥራን የሚያደናቅፍ የምርመራ መረጃ፤
• ቢታወቁ ለሕይወታቸው፣ ለደኅንነታቸው ወይም ለንብረታቸው የሚያሰጋቸው የምስክሮችና የተጎጂዎች ማንነት፤
• የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት ማንነት፤
• የግል ሕይወትን የሚጥስ መረጃ።

በመጨረሻው ምክንያት ለመከልከል ሁለት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው፤ መረጃው ቢገለጽ ለማንኛውም ምክንያታዊ ሰው እጅግ አስከፊ የሚሆን፣ ሕዝቡም ሊያውቀው ተገቢ ምክንያት የሌለው መሆን አለበት። መረጃው ለመምሪያው የሚያሳፍር መሆኑ ብቻ ለክልከላ አይበቃም።

የፖሊስ ካሜራ ቪዲዮ

ፖሊሶች በልብሳቸው ላይ በሚያደርጉት ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ የሚጠይቅ ሰው ከክስተቱ ጋር የተያያዘ ሰውን ስም፣ የጉዳዩን ቁጥር፣ የክስተቱን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ወይም በቦታው የነበረ ፖሊስን ማንነት ለይቶ መጥቀስ አለበት። ሌሎች ጠያቂዎች ፊትና ድምፅ ለመሸፈን የሚወጣውን ወጪ ሊከፍሉ ይችላሉ። በክስተቱ ውስጥ በቀጥታ የነበረ ሰው ግን ይህን አይከፍልም፤ ማንነቱን ማሳየት ብቻ ይጠበቅበታል።

በሲያትል ላይ የተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች

በሂደት ላይ ያለ የምርመራ ፋይል በጅምላ ሊከለከል ይችላል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የሲያትል ፖሊስ መምሪያን በሚመለከት ጉዳይ፣ ይህ ጅምላ ክልከላ ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዐቃቤ ሕግ ሲመራ እንደሚያበቃ ወሰነ። ከዚያ በኋላ መምሪያው እያንዳንዱን ክልከላ ለየብቻ ማስረዳት አለበት። በዚሁ ውሳኔ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ለሚፈጠሩ መዛግብት የሚያገለግል ቋሚ ጥያቄ በሕጉ እንደሌለ ተገልጿል። ስለዚህ ምርመራው ገና ነው ተብሎ የተከለከለ ሰው ቆይቶ እንደገና መጠየቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የኮሞ ቴሌቪዥን ባለቤት የነበረው ኩባንያ ባቀረበው ክስ፣ ይኸው ፍርድ ቤት መምሪያው የፖሊስ መኪና ቪዲዮዎችን ሊከለክል የሚችለው ከቪዲዮው ክስተት ጋር የተያያዘና በእርግጥ በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ሲኖር ብቻ እንደሆነ ወስኗል። ወደፊት ክስ ሊመጣ ይችላል የሚል ግምት ብቻ በቂ አይደለም።

ክልከላን መቃወም

የተከለከለ ሰው መጀመሪያ መምሪያው ውሳኔውን እንደገና እንዲመረምር መጠየቅ ይችላል። ከዚያም ጉዳዩን ወደ ካውንቲው ሱፒሪየር ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ክሱ የሚቀርበው መሥሪያ ቤቱ ክልከላውን በምክንያት ከገለጸበት ወይም የመጨረሻውን ክፍል ከሰጠበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ጠያቂው ከረታ መሥሪያ ቤቱ የፍርድ ቤት ወጪውንና ተገቢውን የጠበቃ ክፍያ ይሸፍናል። ፍርድ ቤቱም በራሱ ሚዛን መዝገቡ ለተከለከለበት ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 100 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል።

ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ያለው ልዩነት

የፖሊስ ሪፖርት በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ጋር አንድ አይደለም። ሪፖርቱ ስለ አንድ ክስተት ፖሊስ የሰማውንና ያየውን የሚመዘግብ እንጂ በማንም ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። የወንጀል ተጎጂዎች ለዩ ቪዛ የሚያስፈልጋቸው የፖሊስ ማረጋገጫ ፊርማም በመዝገብ ጥያቄ አይገኝም፤ የራሱ ቅጽና ሂደት አለው። የሚሰጠው መዝገብ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ የሚሰጥ ሲሆን ወደ አማርኛ ተተርጉሞ እንዲቀርብ ሕጉ አያስገድድም።