በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ ስለሚገኝ የግል ማስታወሻ

የዕለት ኑሮን በጽሑፍ መያዝ በኢትዮጵያ የነበረ ልማድ አይደለም ሲባል ይሰማል። ለዚህም ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው፥ ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት የተጻፈ የግል ማስታወሻ ደብተር በብዛት አለመገኘቱ ነው። ነገር ግን ማስታወሻው የታጣው ባልተቀመጠበት ስፍራ ስለ ተፈለገ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ዕለቱን የጻፈው ለብቻው በተሰፋ ደብተር ሳይሆን፥ በሚጸልይበት መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ነው።

የዚህ ልማድ ምክንያት በመጀመሪያ ከመጽሐፉ ሥራ ይመነጫል። ብራና አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከፍየል ቆዳ ሲሆን፥ ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆና ለስልሶ፥ ከዚያም መስመር ወጥቶለት ለጸሓፊው ይደርሳል። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ስለሚያስፈልግ፥ ለዕለት ጉዳይ ብቻ ብሎ ብራና ማስፋቅ ለብዙ ሰው የሚቻል አልነበረም። በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ጽሑፉን ከጉዳት የሚጠብቁ ባዶ ቅጠሎች ይተዋሉ። ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የራሱ የሚያደርገው መጽሐፍ ዳዊት ነው። ፊደል የቆጠረ ተማሪ ንባብ የሚያጠናበት፥ አድጎም በየዕለቱ የሚደግመው፥ ለመንገድም በማኅደር ከቶ በትከሻው የሚያነግተው እርሱ ነው። ስለዚህ ባዶው ቅጠል ከባለቤቱ እጅ አይለይም ነበር።

በእነዚህ ቅጠሎችና በኅዳጎች ላይ የሚገኘው ነገር ልዩ ልዩ ነው። የልጅ ልደትና የክርስትና ስም፥ የወላጅ ዕረፍትና የተዝካር ቀን፥ የመጽሐፉ ዋጋ በብር ወይም በአሞሌ፥ ዕዳ፥ የርስት ክፍፍል ከነምስክሮቹ፥ የአንበጣ መውረድ፥ የራብ ዘመን፥ የበሽታ መድኃኒት፥ አጭር ጸሎት ይገኝባቸዋል። አንዳንዱ ጽሑፍ ብርዕ ለመሞከር ብቻ የተጻፈ ሲሆን፥ ይህም ፍትነተ ብርዕ ይባላል። የልደቱ ማስታወሻ በተለይ ይጠቅም ነበር፤ ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፥ ቀኑን በትክክል መያዝ ግድ ነውና።

የዘመኑ አጻጻፍ ለታሪክ መርማሪ ችግርም መፍትሔም ይሰጣል። ባለማስታወሻው ብዙ ጊዜ ዓመቱን ትቶ ዘመነ ማቴዎስ፥ ማርቆስ፥ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ ብቻ ይላል። ወንጌላዊው በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ ይህ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ከወንጌላዊው ጋራ የወሩ ቀንና የሳምንቱ ዕለት ተጽፈው ከተገኙ፥ ሦስቱ የሚገጥሙት በ28 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ከተጨመረበት ዓመቱን ለይቶ ማወቅ ብዙውን ጊዜ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ማስታወሻው የተቀመጠበት ስፍራ ነው። ልደቱም፥ ሞቱም፥ ዕዳውም የተጻፉት ከጸሎቱ ጋራ በአንድ ጥራዝ ነው። በጸሎቱም ውስጥ የባለቤቱ ስም ይገባል፤ መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው ይጻፋል። ሰውዬው ስለ ነፍሱ ረዥም ሐሳብ አልጻፈ ይሆናል፤ ነገር ግን የዕለት ጉዳዩን ከጸሎቱ ለይቶ እንዳላየው መጽሐፉ ይመሰክራል። ስለዚህ ማስታወሻውን ገልብጦ ጸሎቱን የሚተው፥ ወይም ጸሎቱን መዝግቦ ማስታወሻውን የሚተው ሰው የነገሩን እኩሌታ ያጣል። ወረቀትና ደብተር ከተስፋፉ ወዲህም፥ በታተመ መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ገጽ ላይ የልጆችን ልደት የመጻፍ ልማድ አልቀረም።

በመጻሕፍት ላይ የሚጨመር ጽሑፍ ዋጋ በሊቃውንት ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የሚገኘውን የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛናን የወርቅ ወንጌል ጽሑፎች እ. ኤ. አ. በ1901 አሳትሟል። እ. ኤ. አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ ደግሞ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረባቸው ባዘጋጁት መዘርዝርም ጭማሪዎቹ ጭምር ተጠቅሰዋል። ሆኖም የነገሥታት ጉልት የተጻፈበት ቅጠል ያገኘውን ያህል ትኩረት፥ የአንድ ደብተራ ልጅ ልደት የተጻፈበት ቅጠል አላገኘም።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። መጽሐፍ ሲሸጥ ስም ይፋቃል፤ ድጉሱ ሲታደስ ባዶው ቅጠል ተቆርጦ ሊወድቅ ይችላል፤ ሥዕል ያለበት ቅጠል ተለይቶ ለጎብኚ ሲሸጥ የቀረው ይበተናል። ለዚያ ስሙ በሌላ ስፍራ ላልተጻፈ ሰው ግን እነዚያ ሁለት መስመሮች ከሕይወቱ የቀሩ ብቸኛ ምስክሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የብራና መጽሐፍ የሚያነሣም ሆነ የሚመዘግብ ሰው፥ ከፊተኛው ገበታ እስከ ኋለኛው ገበታ ያለውን ሁሉ፥ ባዶ የሚመስለውን ቅጠልና የተፋቀውን ስም ሳይቀር፥ ሊመረምርና ሊመዘግብ ይገባዋል።