ሲሰበሰቡ የሚድነውና የሚጠፋው፦ ከዩኒክስ የኔትወርክ መሣሪያዎች ታሪክ



ዛሬ የምናገረው በየዕለቱ ስለምንገለገልባቸው፣ ታሪካቸውን ግን እምብዛም ስለማንጠይቅላቸው የኔትወርክ መሣሪያዎች ነው፤ ስለ ፒንግ፣ ስለ ኤፍቲፒ፣ ስለ ቴልኔትና ስለ መሰሎቻቸው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በተለያየ ዘመንና በተለያየ እጅ የተሠሩ ነገሮች ወደ አንድ ሲሰበሰቡ ምን ይድናል፣ ምንስ ይጠፋል? የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለጅማ እንግዳ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ቡናም፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ በጋራ መጋዘን ይከማች ጀመር። ደረጃው አንድ ወጥ ሆነ፤ ነገር ግን ቡናው የታጠበበት ጣቢያ ስም በክምችቱ ውስጥ ተሰወረ። በኋላ አሠራሩ ተሻሽሎ መነሻውን እንደ ጠበቁ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልኩበት በር ተከፈተ። መሰብሰብ ጥቅም አለው፤ መነሻን ሲያስረሳ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ወደ መሣሪያዎቹ ልመለስ። ኤፍቲፒ በ1971 በአባይ ቡሻን እጅ ተረቀቀ። በ1983 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣው 4.2 ቢኤስዲ፣ ቲሲፒ/አይፒን ከነአርሎጊንና ከነአርሲፒ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይክ ሙስ ፒንግን ጻፈ፤ በ1987 ቫን ጃኮብሰን ትሬስራውትን አከለ። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ኔትወርክ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚተማመንበት ጠባብ መንደር ነበር። ስለዚህ የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር በመስመሩ ላይ ያልፍ ነበር፤ አርሎጊንም «ይህ ማሽን የታወቀ ነው» በሚል እምነት ብቻ ያስገባ ነበር።

ከዚያ መሣሪያዎቹ ከአንዱ ኩባንያ ሥርዓት ወደ ሌላው እየተገለበጡ ተበታተኑ። የመበታተኑን ጉዳት አንድ ምሳሌ ያሳያል። ሎጊን የተባለው ፕሮግራም «ማንነቱ አስቀድሞ ተረጋግጧል» የሚል ትርጉም ያለው «-ኤፍ» የተሰኘ አማራጭ አለው። በ1994 በአይቢኤም ኤአይኤክስ ላይ፣ ከሩቅ የሚገባ ሰው በስሙ ፈንታ ይህን አማራጭ «ሩት» ከሚለው የአስተዳዳሪ ስም ጋር ቢልክ፣ ያለ ይለፍ ቃል የማሽኑ ጌታ ይሆን እንደነበር ታወቀ። ስሕተቱ ታረመ። ይሁንና በ2007 ያው ስሕተት በሶላሪስ 10 የቴልኔት አገልጋይ ላይ ተገኘ። አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ፤ እርማቱ በአንዱ ቤት ቀረ፣ ትምህርቱ ወደ ሌላው ቤት አልተሻገረም።

የጂኤንዩ አይኔትዩቲልስ ትርጉም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹን ከ4.4 ቢኤስዲ የተወረሱ መሣሪያዎች በአንድ ጥቅል ሰብስቦ፣ በጋራ ቤተ መጻሕፍትና በአንድ የግንባታ ሥርዓት አዋቀራቸው። አንድ ጊዜ የተደረገ እርማት ለሁሉም የመድረስ ዕድል አገኘ፤ የቀደሙት ባለመብቶች ስምም በየፋይሉ ራስጌ ላይ ተጠብቆ ቆየ።

ነገር ግን መሰብሰብ ብቻውን ማዘመን አይደለም። ታቱ ኢሎነን በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ የይለፍ ቃል ሲሰረቅ አይቶ በ1995 ኤስኤስኤችን ሲጽፍ፣ የአርሎጊንንና የአርሲፒን የአጠቃቀም ልማድ አልነካም፤ የለወጠው ከሥሩ ያለውን የመተማመን መሠረት ነው። ሰው የለመደው ትእዛዝ ቀረለት፤ ያረጀው እምነት ተሻረ። በእኔ እይታ የእውነተኛ ማዘመን መለኪያ ይህ ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ ከአጋሮ ወደ አዲስ አበባ የቡና ጭነት መረጃ የሚያሻግር ሰርቨር በእጃችሁ ይወድቅ ይሆናል። ቴልኔት ተከፍቶ ካገኛችሁት ዝጉት፤ ለምን እንደ ዘጋችሁትም ጻፉ። ያለ ምክንያቱ የተላለፈ እርማት ቀጣዩ ሰው «ይህ ለምን ተዘጋ?» ብሎ መልሶ የሚከፍተው በር ነው።