በአስክሬን ምርመራ የተገለጠው የሰባ ጉበት

የሰባ ጉበት፣ ማለትም በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ስብ ከመጠን በላይ የሚከማችበት ሕመም፣ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የሕክምና ሊቃውንት ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርበት ያጠኑት በሞቱ ሰዎች አካል ላይ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ በ1761 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ የታየበትን ምልክት ከሞት በኋላ በአካል ክፍሎቹ ላይ ከተገኘው ጉዳት ጋር ማስተያየትን ካስተማረ በኋላ፣ የአስክሬን ምርመራ የሐኪሞች ዋነኛ የዕውቀት ምንጭ ሆነ። በ1836 የለንደኑ ቶማስ አዲሰን ስለ ጉበት መስባት ጽሑፍ አወጣ፤ በቪየናም ካርል ፎን ሮኪታንስኪ እጅግ ብዙ አስክሬኖችን ሲመረምር ይህንኑ ለውጥ መዘገበ። ጤናማ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ሲሆን፣ ስብ የበዛበት ግን ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም የስብ ጠብታዎች ሕዋሱን ሞልተው አስኳሉን ወደ ዳር ገፍተው ይገኛሉ።

ሆኖም በሆስፒታል የሚመረመሩት አስክሬኖች በአብዛኛው ታመው የሞቱ ሰዎች ስለነበሩ፣ ሕመሙ በጤነኛው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ከእነርሱ መረዳት አይቻልም ነበር። ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው በ1977 የታተመው የዴንማርክ ጥናት ነው፤ በመኪና አደጋ በድንገት የሞቱ 503 ሰዎች ጉበት ሲመረመር፣ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ስብ የተገኘ ሲሆን፣ መጠኑም ከዕድሜ ጋር ይጨምር ነበር።

የጉበት መስባት ለረጅም ጊዜ በዋናነት ከአልኮል መጠጥ ጋር ተያይዞ በመቆየቱ፣ መጠጥ አልጠጣም የሚል ሕመምተኛ ቃሉ ይጠረጠር ነበር። ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ በ1980 ከአልኮል ጋር ያልተያያዘውን፣ ስብና ብግነት የተጣመሩበትን የጉበት ሕመም በ20 ሕመምተኞች ላይ ገልጸው ስም ሰጡት። በ1990 የታተመ ሌላ የአስክሬን ጥናት ሕመሙን ከውፍረት ጋር አያያዘው፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ በ742 ሕፃናትና ወጣቶች አስክሬን ላይ የተደረገው ምርመራ የሰባ ጉበት የአዋቂዎች ብቻ አለመሆኑን አረጋገጠ።

ዛሬ አልትራሳውንድ ይህንኑ ስብ በሕያው ሰው ላይ ያሳያል። ስቡ ጉበቱን ወደማይመለስ ጠባሳ ከማድረሱ በፊት ክብደትን በመቀነስ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከሙታን የተገኘው ዕውቀት ለሕያዋን የሚጠቅመው በወቅቱ ሲሠራበት ነው።