ዕድሜና መለኪያው፦ ስለ ልጅነት ጋብቻ ሕጋችን ታሪክ

የማኅበራችን አባላት እንደሚያውቁት፣ የመነሻ ነጥቡ ከፍታ ካልታወቀ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚነበበው ልኬት ዋጋ የለውም። ስለ ልጅነት ጋብቻ የወጡትን ሕጎቻችንን በተከታታይ ሳነብ ያጋጠመኝ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሕጉ ቁጥሩን ጽፏል፤ መለኪያውን ግን በወላጅ እጅ ትቶታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 581 ወንድ 18፣ ሴት ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ከልክሎ ነበር። ከባድ ምክንያት ሲኖር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ወይም እርሳቸው የሚሾሙት ሰው ከዕድሜው እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችል ነበረ። ይህም ማለት የ13 ዓመት ልጅ በፈቃድ ልትዳር ትችል ነበረች ማለት ነው። መተጫጨትንም ሕጉ በቁጥር 560 የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ደነገገው፤ በገጠሩ የነበረውን እንዳለ ጻፈው ቢባል ይቀላል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ይኸው ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፉበትን መዝገብ በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች በቁጥር 3361፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራበት አገደው። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘውዱም ደርግም አለፉ። የምዝገባው አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ ሥራው የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በከተማ ማዘጋጃ ቤቶች ይሰጥ ከነበረው ማስረጃ በቀር፣ እነዚያ ሃምሳ ስድስት ዓመታት ያለ መዝገብ አለፉ።

በመሆኑም ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ልጁን የሚሰጠውም፣ ስለ ዕድሜዋ የሚመሰክረውም አንድ ሰው፣ አባትየው፣ ነበር። ይህን የምጽፈው አባቶችን ለመክሰስ አይደለም። ጠለፋ ያሰጋቸዋል፤ «ቆማ ቀረች» መባሉን ይፈሩታል፤ ከደህና ቤት መዛመድንም ይሻሉ። በጎጃም የመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ገበሬ የልጃቸውን ዕድሜ ብጠይቃቸው፣ «ይህ ጎተራ በተሠራ በሁለተኛው ክረምት የተወለደች ናት» አሉኝ። ጎተራው መቼ እንደ ተሠራ ግን እርሳቸውም፣ ጎረቤታቸውም አላስታወሱም። ልጅቱ በዚያው ዓመት ተዳረች።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው። የሁለት ዓመቱ ፈቃድ ግን አልቀረም፤ ወደ ፍትሕ ሚኒስትሩ ተዛወረ እንጂ፤ ማመልከቻውንም ወላጆች ማቅረብ ይችላሉ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን፣ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ ሦስት፣ ካልሞላት እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። እንግዲህ በ12 እና በ13 መካከል የአራት ዓመት እሥራት ልዩነት አለ። የአጥንት ምርመራ የሚሰጠው ግምት ደግሞ ራሱ ከአንድ ዓመት በላይ ሊሳሳት ይችላል።

መዝገቡ በተከፈተበት ወር የተወለደችው ልጅ 18 ዓመት የሚሞላት በ2026 ዓ.ም. ነው። ከእርሷ በፊት ለተወለዱትና መዝገብ ላልደረሰላቸው እኅቶቿ፣ ስለ ዕድሜያቸው የሚጠየቀው አሁንም አባታቸው ነው።