ከአውድማው እስከ ደም ሥር

የሀብሩ ገበሬ ጤፉን የሚያበራይበትን አውድማ ያየ ሰው፣ የደም ማነስ ጉዳይ በአገራችን ሕክምና ውስጥ ለምን ለረጅም ጊዜ ችላ እንደተባለ ግማሹን ምክንያት አይቷል። መሬቱ ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ሲደርቅ ነዶው ይዘረጋል፣ በሬዎቹ ይዞሩበታል። ጤፍ እንደ ስንዴ ወይም እንደ ባቄላ አይደለም። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከአፈር ቅንጣት በመጠን ብዙም አይለይም። በመንሽ ተነስቶ፣ በነፋስ ተለይቶ፣ በወንፊት ተነፍቶም ቢሆን ከአውድማው አፈር ጥቂቱን ይዞ ጎተራ ይገባል። አፈራችን ደግሞ ብረት የበዛበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ለአገር መከላከያ ብሎ ያቋቋመው የሥነ ምግብ ኮሚቴ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ አገር አቀፍ የምግብ ጥናት አካሄደ፤ ሪፖርቱ በ1959 ወጣ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።) ከጥናቱ ግኝቶች ሁሉ ሰው የገረመው የብረት መጠን ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊግራም ያህል ብረት ይበቃታል በሚባልበት ዓለም፣ ኢትዮጵያዊው በቀን ከ100 ሚሊግራም በላይ ይበላል ተባለ። የስዊድኑ ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር ይህንኑ ይዞ የኢትዮጵያውያንን ደም መረመረና በ1968 አሳተመው። በ1976 ደግሞ በኋላ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት መሐሪ ገብረመድኅን ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ ራሱ መልሱን ይናገራል፦ በኢትዮጵያ የእርግዝና ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን የሚል ነው።

ሰዎቹን መውቀስ አልፈልግም። ደም ሳይመረምሩ አልጻፉም፤ በመረመሯቸው ሰዎች ያገኙትንም ነው የጻፉት። ችግሩ ውጤቱ ከተመረመሩት ሰዎች አልፎ የአገር መታወቂያ መሆኑ ነው። እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ብረት አያጥረውም የሚለው አባባል በሐኪሙም፣ በአስተማሪውም፣ በእናቶቻችንም አፍ ገባ። እስከ ዛሬ ድረስ ጤፍን ለውጭ ገበያ የሚያስተዋውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ብረቱን ነው።

በ1980 አብርሃም በሥራት እና ሁለት ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ የጤፍን ብረት እንደገና መረመሩ። የሠሩት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ጤፉን አጠቡት። ከታጠበ በኋላ ያ ሁሉ ብረት የለም፤ የቀረው ከሌሎች እህሎች ብዙም የማይርቅ ነው። ትርፉ ከአውድማው የመጣ አፈር ነበር። የአፈር ብረት ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቃጠልና ሲለካ ከምግብ ብረት አይለይም፤ ወደ አንጀት ሲገባ ግን አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። እኔ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝና እንዲህ ያለውን ስሕተት በሥራዬ በየሳምንቱ አያለሁ፦ መግቢያው ላይ የቆጠርነውን መድረሻው ላይ ደርሷል ብለን እናስባለን። መሐል ላይ ያለውን ማንም አልቆጠረውም።

መሐል ላይ ያለው አንጀት ነው። የአዋቂ ሰው ገላ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል፣ በቀን የሚቀበለው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው። እህላችን ፋይቴት የሚባል ብረት አሳሪ ነገር አለበት። እርሾው ሊጡን ሲያቦካ ከፋይቴቱ ከፊሉን ይሰብራል፤ የእንጀራ ትልቁ ጥቅም ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ወደ ሀብሩ ቆላ ሲወረድ ግን ዋናው እህል ማሽላ ነው። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ጤፍና ማሽላን ሲያሻሽል የኖረውም ለዚሁ አገር ነው። ማሽላ፣ በተለይ ቀዩ፣ ታኒን ይጨምርበታል። ከምግብ በኋላ ደግሞ ቡና አለ። በ1983 የታተመ ጥናት ከአንድ ሥጋ ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ብቻ የሚወሰደውን ብረት 39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሻይ 64 በመቶ። አንድ ስኒ ነው ያሉት። ወሎ ውስጥ አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ እንደ ጨዋ አይቆጠርም፤ ቶናውና በረካው ይቀራሉ።

በዚህ ላይ ወባ፣ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዝያ አሉ። ትሎቹ ደም ያስወጣሉ። ወባ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፣ አልፎም ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋል። ሄፕሲዲን ሲበዛ አንጀት በሩን ይዘጋል፤ ኪኒን ቢዋጥም አይገባም። ሰፈር ውስጥ ደም ያነሳት ሴት ቀይ ሥር፣ ተልባና ጉበት ትታዘዛለች። ጉበቱ እውነት ነው። ቀይ ሥሩ የታዘዘው ለመልኩ ይመስለኛል።

የደም ማነስ በመላ አገሪቱ በናሙና የተለካው በ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 27 በመቶው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ ደም አንሷቸው ተገኙ። በ2011 ሴቶቹ ወደ 17 በመቶ ወረዱ፤ በ2016 ተመልሰው 24 ሆኑ፤ ከነፍሰ ጡሮች ደግሞ 29 በመቶ። ብርቅ የተባለው ነገር ከአራት ሴት በአንዷ ቤት ነበር። ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም፤ ድርሻው ግን ትልቅ ነው።

አሁን ወደ መርፌው። አንጀት እንዲህ አስቸጋሪ ከሆነ ለምን አልፈነው በደም ሥር አንሰጥም የሚለው ሐሳብ አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ብሎ በ1832 የብረት ኪኒን ካስተዋወቀ በኋላ ኪኒኑ ለብዙዎች ሠራ፤ ሆድ ግን ያስቀይማል፣ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። በ1932 ቦስተን ውስጥ ሂዝ፣ ስትራውስ እና ካስል ብረትን በመርፌ ሰጥተው የገባው ብረት በልኩ ወደ ሄሞግሎቢን እንደሚቀየር አሳዩ። ሒሳቡ ልክ መጣ፤ በሽተኞቹ ግን ታመሙ፣ አስመለሳቸው፣ ደማቸው ወረደ። ያልተሸፈነ ብረት በደም ውስጥ መርዝ ነው። ከዚህ የሚብሰውን ደግሞ እንግሊዛውያኑ ማካንስ እና ዊዶውሰን በ1937 እና 1938 አረጋገጡ፦ ገላ ብረትን የሚያስወጣበት በር የለውም። መግቢያውን ይቆጣጠራል፣ መውጫ የለውም። መርፌ ማለት ያንን ብቸኛ ዘበኛ አልፎ መግባት ነው።

ስለዚህ የመርፌው ታሪክ የመሸፈኛው ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በ1947 ኒሲም የተባለ ሐኪም ብረቱን በስኳር ሸፍኖ በደም ሥር ሰጠ። በ1954 በዴክስትራን፣ ማለትም በረጅም የስኳር ሰንሰለት፣ የተጠቀለለው ኢምፌሮን መጣ፤ ይህ በጡንቻ የሚወጋ ነበር። ያማል፣ ቆዳ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። በ1959 አይጦች ላይ የተወጋበት ቦታ ዕጢ አበቀለ ተባለና ለጥቂት ጊዜ ከገበያ ወጣ፤ ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራው ግን ድንገተኛው አለርጂ ነበር፤ ጥቂት ሰዎች ሞተውበታል። የብረት መርፌን የሚፈሩ ብዙ አዛውንት ሐኪሞች የሚያስታውሱት ይህንን ዘመን ነው። አይረን ሱክሮዝ የሚባለው አነስተኛ መሸፈኛ ያለው መድኃኒት አለርጂውን በጣም ቀነሰ። ከ2007 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ፌሪክ ካርቦክሲማልቶዝ ተጨመረ። የእነዚህ ሁለቱ ልዩነት ለመርሳ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ከእኛ ቀዬ ብዙም የማይርቅ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1978 መሬይ የተባሉ ቤተሰብ ተመራማሪዎች በሶማሌ አርብቶ አደሮች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ደም ካነሳቸው ሰዎች ግማሹ የብረት ኪኒን፣ ግማሹ ባዶ ኪኒን ወሰደ። ባዶውን በወሰዱት ላይ 7 ጊዜ ኢንፌክሽን ታየ፤ ብረቱን በወሰዱት ላይ 36 ጊዜ። ተኝቶ የነበረ ወባና ሳንባ ነቀርሳ ተነሳ። ብረት የሚርበው ሰው ብቻ አይደለም፤ ተሕዋሲያኑም ይራባሉ። ቆላ ሀብሩ ውስጥ ብረት የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ትኩሳቷን ቢለካ፣ የወባ ምርመራ ቢያደርግ አጉል ጥንቃቄ አይደለም። ኢንፌክሽን እያላት የብረት መርፌ አይሰጥም፤ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሁ።

ሌላው መሰናክል ከፍታው ነው። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ስለሚባል፣ የደም ማነስ መለያው ቁጥር ከፍ ይደረጋል፦ እስከ 2024 በነበረው መመሪያ 1500 ሜትር ላይ በ0.5 ግራም፣ 2000 ሜትር ላይ በ0.8 ነበር። መርሳ ወደመጀመሪያው ትቀርባለች፣ ወልድያ ወደ ሁለተኛው። ማለትም በአንድ ወረዳ መንገድ ላይ ያንኑ ሄሞግሎቢን የያዘች ሴት መርሳ ላይ ጤነኛ፣ ወልድያ ላይ ደም ያነሳት ልትባል ትችላለች። ነገር ግን በ2002 ሲንቲያ ቤል እና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው፣ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኙ። የአንዲስ ተራሮች ቀመር ለእኛ ደጋ በልኩ የተሰፋ አይደለም። ለዚህ ነው ከሄሞግሎቢን ጋር የብረት ጎተራውን፣ ማለት ፌሪቲንን፣ መለካት የሚሻለው፤ ምርመራው ግን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ጋንዞኒ የሚባለው ቀመር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነው፦ ክብደት፣ ሲባዛ በጎደለው ሄሞግሎቢን፣ ሲባዛ በ2.4፣ ከዚያ ለጎተራው 500 ይጨመራል። ያ 2.4 ከሰማይ የወረደ አይደለም። ደም የክብደታችን 7 በመቶ ነው፣ ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት 0.34 በመቶ ነው፤ ብታባዙት፣ አሃዱን ብታስተካክሉት 2.38 ይመጣል። እንደዚህ ውስጡ የሚታይ ቀመር ደስ ይለኛል። 50 ኪሎ የምትመዝን፣ ሄሞግሎቢኗ 7 የሆነ ነፍሰ ጡር እንበል፤ 11 እንድትደርስ እንፈልጋለን። 50 በ4 በ2.4፣ 480። ሲደመር 500፣ 980 ሚሊግራም።

አይረን ሱክሮዝ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ባብዛኛው 200 ሚሊግራም ነው፣ በጉሉኮስ መልክ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ፣ በሳምንት ከሦስት ጊዜ የማይበልጥ። አምስት ጉዞ ማለት ነው። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመርሳ ራቅ ካለ ቀበሌ ለምትመጣ ሴት ግን መንገዱ የሚጀምረው በእግር ነው። ሚኒባስ፣ ምሳ፣ የሚሸኝ ሰው፣ ቤት የቀሩ ልጆች፤ ይህ ሁሉ በአምስት ይባዛል። ካርቦክሲማልቶዝ እስከ 1000 ሚሊግራም በአንድ ቀን ይሰጣል። ዋጋው በብልቃጥ ሲታይ ውድ ነው። መንገዱ ሲደመር ያን ያህል ውድ አይመስለኝም፤ ግን የመድኃኒት ግዢ ሠንጠረዥ ላይ የሚኒባስ ዓምድ የለም።

ኪኒኑስ? የ2016ቱ ጥናት እንዳለው በእርግዝናቸው ጊዜ ብረት ከወሰዱ ሴቶች ብዛት 42 በመቶ ሲሆን፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ሰነፉ ማለት አይቻልም። ሆዷን እያቃጠላት፣ እየደረቀባት፣ ጥቅሙ ለወራት ሳይታያት፣ ስልሳኛው ቀን ላይ የምትተው ሴት ምክንያት አላት። ሆኖም በጊዜ ለመጣችና ለተስማማት ኪኒኑ ዛሬም የመጀመሪያው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ዘበኛውንም አያልፍም።

መርፌው የሚነጻጸረው ከኪኒኑ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከደምም ጋር ነው። የደም ባንክ በአገራችን በ1969 በቀይ መስቀል ተጀመረ፣ በ2012 ወደ መንግሥት ዞረ። አንድ ከረጢት ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ከ35 ቀን አያልፍም። የአይረን ሱክሮዝ ብልቃጥ መደርደሪያ ላይ፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ከዓመት በላይ ይቆያል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የሆስፒታሉ ዕቃ ተዘረፈ፣ የጤና ጣቢያዎችም እንዲሁ፤ መብራትም መንገድም ተቋረጠ። ሴቶች በዚያው ወራት መውለዳቸውን አላቆሙም። ሄሞግሎቢኗ 12 ሆኖ ወልዳ ግማሽ ሊትር ደም የፈሰሳት ሴት ትደክማለች፤ 7 ሆኖ የፈሰሳት ግን ደም ያስፈልጋታል፣ ደሙም ማቀዝቀዣና መንገድ ይፈልጋል።

መርፌው ራሱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ብረቱ በገባ በሳምንት አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት መታየት ይጀምራሉ፤ ሄሞግሎቢን በ2 ግራም ያህል ለመጨመር ሦስት፣ አራት ሳምንት ይወስዳል። ክትትሏን በ16ኛው ሳምንት ለጀመረች ሴት ኪኒኑም መርፌውም ይደርሳሉ። በ30ኛው የመጣች አምስቱን ጉዞ ብትጨርስ ይበቃታል። ማሽላው ታጭዶ፣ ጤፉ ተወቅቶ፣ ሥራ ሲቀልላት በ37ኛው ሳምንት መርሳ ጤና ጣቢያ የደረሰችው ቀሪ ሦስት ሳምንት አላት፤ ሚኒባሱ ሁሌም በሰዓቱ ቢመጣ እንኳ፣ ወልድያ ሆና ምጧን የምትጠብቅበትን ዘመድ ቤት ከወዲሁ መፈለግ ይኖርባታል።